«ወተት በጉንጬ»፦ ግብርናና ዘመናዊ ኅብረተሰብ ከሐይቅና ከአምባሰል ሲታዩ

(በሐይቅ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



«ግብርናና ዘመናዊ ኅብረተሰብ» የተሰኘውን የመግቢያ ኮርስ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ «የገበሬ ልጅ የሆናችሁ እጃችሁን አንሡ» እላለሁ። ጥቂት እጆች፣ እነሱም እያመነቱ፣ ይነሣሉ። ቀጥዬ «ባለፈው ክረምት አረም ያረመ፣ ከብት የጠበቀ፣ አውድማ የዋለ ማን አለ?» ስል ግን የክፍሉ እኩሌታ እጁን ያነሣል። የዛሬው ንግግሬ መነሻ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል የሚታየው የእጅ ልዩነት ነው። ልጆቻችን የሠሩትን ሥራ አይክዱም፤ የሥራውን ስም ግን ይሸሹታል። እኔም በእነሱ ዕድሜ ሸሽቼዋለሁና አልፈርድባቸውም።

ንግግሩ ከዋናው ግቢ ወጥቶ እዚህ ሐይቅ እንዲደረግ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። በአንድ ወገን ሐይቁና የእስጢፋኖስ ገዳም አሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ቦታ ነውና ከፍተኛ ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በሌላው ወገን የአምባሰል ገደል፣ ከሥሩም የማሽላና የጤፍ ማሳ ይታያል። መጽሐፉና ማሳው በዓይን ከሚተያዩበት ስፍራ ሆኖ ስለ ሁለቱ ዝምድና መናገር የሚገባ መስሎ ታየኝ።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ላንሣ። ብዙዎቻችን ግብርናን ያለፈ ዘመን፣ ዘመናዊ ኅብረተሰብን ደግሞ ግብርናን ትቶ የሄደ ሕዝብ አድርገን እናስባለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ በእርሻ ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ያ ኅብረተሰብ ከእርሻ የራቀው በሥራ እንጂ በሆድ አይደለም። በእኛ አገር ከሠራተኛው ሕዝብ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ዛሬም ኑሮው ከግብርና ነው። አራሹ እየቀነሰ በላተኛው በበዛ ቁጥር አንዱ አራሽ የሚሸከመው ሰው ይበዛል። ዘመናዊ ኅብረተሰብ ማለት እንግዲህ ምግቡን ከማያውቀው ሰው እጅ የሚቀበል ኅብረተሰብ ማለት ነው። የዚህ ኮርስ ዋና ጥያቄም፣ ያን የማናውቀውን ሰው ማወቅ ግዴታችን ነው ወይስ አይደለም? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በዘር፣ በረሃብ፣ በምክርና በመሬት በኩል በየተራ አያለሁ።

፩. ስለ ዘር

ከእናንተ መካከል በቆላውና በወይና ደጋው ያደጋችሁ «ወተት በጉንጬ» የሚባለውን ማሽላ ታውቁት ይሆናል። «ማር ጩቄ» የሚባልም አለ። ወሎ ለማሽላው ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው አፍ ውስጥ እንደ ወተት ሲሞላ፣ ሁለተኛው እንደ ማር ሲፈስ የሚታይ ስም ነው። ገበሬው እነዚህን ዝርያዎች ማሳውን ሞልቶ አይዘራቸውም። በሌላው ማሽላ መካከል አልፎ አልፎ ያኖራቸውና እሸት ሲሆኑ ዛላውን ቆርጦ በእሳት ለብ አድርጎ፣ አሽቶ ይበላቸዋል፤ ለልጆችም ይሰጣል። ሲደርቁ ፍሬያቸው ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል። እንዲያም ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ኖረዋል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራ እንሻገር። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎችን አበጥረው መረመሩ። የሚፈልጉት ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ነበር። ላይሲን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ሲሆን የሰው አካል ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። የማሽላ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ በላይሲን ድኻ በመሆኑ ሌላ ምግብ ለማያገኝ ሕፃን ዕድገት አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ፣ ከዚያ ሁሉ ናሙና የላይሲን ይዘታቸው ከተራው ማሽላ በግማሽ ያህል በልጦ የተገኘው ሁለት መሆናቸውን አስታወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት የተሰበሰቡ ነበሩ። የአገራቸው ስም ሲጠየቅ «ወተት በጉንጬ»ና «ማር ጩቄ» ሆኖ ተገኘ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ያጨበጭባሉም። እኔ ግን ከጭብጨባው በፊት ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እለምናቸዋለሁ። አንደኛ፣ የወሎ ገበሬ ላይሲንን አያውቅም ነበር፤ ያወቀው ጣዕሙን፣ ልስላሴውንና ለልጅ መስማማቱን ነው። ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራው ላይሲኑን ለካ እንጂ፣ ዝርያው ለምን በጥቂቱ ብቻ እንደሚዘራ ሊያውቅ የሚችለው ገበሬውን ሲጠይቅ ነበር። በኋላ ጠባዩን ከፍተኛ ምርት ወዳላቸው ዝርያዎች ለማሸጋገር ሲሞከር ዱቄታማው፣ ለስላሳው ፍሬ ችግር ሆነ፤ ምርቱ ቀነሰ፣ በማከማቻም ለነቀዝ ተጋለጠ። ገበሬው በእሸትነቱ የሚበላው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ግማሹን፣ ሌላው ሌላውን ግማሽ ያውቅ ነበር። ለአንድ ሳይንስ ሁለቱም ግማሾች ያስፈልጋሉ።

፪. ስለ ረሃብ

እስቲ ያንን ዓመት መለስ ብለን እንየው። 1973 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ 1965 እና 1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ማሽላ በላይሲን ከተራው ማሽላ የሚበልጥ ፕሮቲን እንዳለው በሳይንስ መጽሔት በታተመበት ዓመት የወሎ ሰው በመንገድ ዳር በረሃብ ይረግፍ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ላይ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ።

ታዲያ ያ ሕዝብ ለምን ተራበ? ቀላሉ መልስ «ዝናብ ጠፋ» የሚል ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ የወሎን ረሃብ ከመረመረ በኋላ ሌላ መልስ ሰጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሲታይ በዚያ ዓመት የነበረው የምግብ መጠን ከወትሮው ብዙም አላነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ረሃቡ የሚያስገምተውን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበረም ይነገራል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም አብሮ ጠፋበት። ከብቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ጎረቤቱም አውጥቶ ስለሚያገኘው የከብት ዋጋ ወደቀ። እህል ቢኖርም እሱ የሚገዛበት አቅም ስለሌለው እህሉ አቅም ወዳለው ሄደ። ረሃብ እህል ማጣት ብቻ ሳይሆን እህል የማግኘት መብትንና አቅምን ማጣት ነው ማለቱ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ የተጋለጠው በሰማይ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በተጫነው ሥርዓትም መሆኑን ተከራክረዋል።

ቀጥሎ የመጣው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ስለዚያ ከተጻፉት ሁሉ ለእኛ አካባቢ የቅርብ የሆነው የደሳለኝ ራሕማቶ ጥናት ነው፤ መስኩ የቀድሞው የአምባሰል አውራጃ ነበርና። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሕዝብ ነበር። ደሳለኝ ያሳየው ግን ረሃቡ ገና ሲያንዣብብ የሚያሰላ፣ የሚመካከር፣ ምግቡን የሚቀንስ፣ ከዱር የሚበላ የሚለቅም፣ በግና ፍየሉን አስቀድሞ ሸጦ በሬውን እስከ መጨረሻው ለማቆየት የሚታገል ገበሬ ነው። ገበሬው ዛሬን ለመትረፍ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ለማትረፍም ይዋጋ ነበር።

ይህን ክፍል ሳስተምር ከመጽሐፍ ብቻ አላስተምርም። በ1977 ዓ.ም. በአምባሰል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጦ፣ ሁለተኛውን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ አርሶ ክረምቱን እንሻገራለን የሚል ሐሳብ ነበረው። ከምድጃችን በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር፣ እናቴ ለዘር የመረጠቻቸው የማሽላ ዛላዎች ተንጠልጥለው ነበር። ነቀዝ እንዳይነካቸው እዚያ ይሰቀላሉ። አንድ ቀን ማታ በመደቡ ላይ ቆሜ ከአንዱ ዛላ ጥቂት ፍሬ ስፈለፍል እናቴ አየችኝና እጄን መታችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መታኝ አታውቅም። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

ታናሽ እኅቴ ያንን ዓመት አላለፈችም። በ1978 ዓ.ም. ዝናብ ሲጥል ዘሩ ነበረን፤ ዘራን፤ በልተን አደርን፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት በዚያ ዘር ነው። ዘሩ ቢበላ ኖሮ እኅቴ ትተርፍ ነበር ወይ የሚለውን ግን እናቴን እስክትሞት ድረስ አልጠየቅኋትም። በሙያዬ «የመቋቋሚያ ስልት» የሚል ቃል አለ። ተማሪዎቼ በፈተና ላይ በትክክል ይጽፉታል። ያ ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳይነገራቸው እንዳይጽፉት ስል ነው ይህን የምነግራቸው።

፫. ስለ ምክር

ከኮሌጅ እንደወጣሁ በግብርና ባለሙያነት ተመድቤ ሠራሁ። ቦታውንና መሥሪያ ቤቱን ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። የተሰጠኝ ሥራ ቶሎ የሚደርስ፣ ቁመቱ አጠር ያለ የማሽላ ዝርያ ገበሬዎች እንዲዘሩ ማግባባት ነበር። ዝርያው በእርግጥም መልካም ነበር። የአካባቢው ነባር ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የሚሰበሰብ፣ ሰባት ስምንት ወር መሬት ላይ የሚቆይ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ ሳያፈራ ይቀራል። ያመጣሁት ግን በአጭር ጊዜ ይደርሳል። ቁጥሮቼን ይዤ ባሏ ወደ ሞተባት አንዲት ገበሬ ቤት ሄድኩ። እኚህ እናት ቡና አፍልተው ከነእጣኑ ተቀበሉኝ፤ የምናገረውን ሁሉ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ስለ ፍሬው ነገርከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ አገዳው ግን አልነገርከኝም። ላሜ ምን ትበላለች? ምን እማግዳለሁ? አጥሬንስ በምን አጥራለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። በያዝኩት ወረቀት ላይ ምርት ማለት በሄክታር የሚገኝ የፍሬ ኩንታል ብቻ ነበር። ለእኚያ እናት ግን ማሽላ ማለት ፍሬ፣ መኖ፣ ማገዶ፣ አጥር፣ የቤት ማገርና ለልጆች የሚመጠጥ ጥንቅሽ ነው። እኔ ከስድስት አንዱን ለክቼ አምስቱን «ኋላ ቀርነት» ብዬ ጠርቻቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ለበላይ አካል በላክሁት ሪፖርት ላይ «ገበሬዎቹ አዲስ አሠራር የመቀበል ፍላጎታቸው አነስተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያ ሪፖርት ውሸት ነበር። የመቀበል ፍላጎት ያነሰው የእኔ ነበር።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ እንደነበረ ሁላችሁም ተምራችኋል። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። በባለሙያና በገበሬ መካከል የምንፈራረመው ውልም ብዙ ጊዜ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው። በእኛ ቅጂ «ምርት» የሚለው ቃል አንድ ነገር ነው፤ በገበሬው ቅጂ ስድስት ነገር ነው። ተማሪ ሆይ፣ ዲግሪህን ይዘህ ወደ ገጠር ስትሄድ አስቀድመህ ሁለቱን ቅጂዎች አስተያይ።

ይህን ስል ምርምርን ማቃለሌ አይደለም። ገበሬውም ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስፈልገዋል። የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ረጅሙን ማሽላ ትቶ በሐምሌ ጤፍ ወይም አጭር ማሽላ ለመዝራት የሚዞረው እሱ ራሱ ነው፤ በቤቱ ልዩ ልዩ ዘር ማኖሩም የዋስትና ስልቱ ነው። አቀንጭራ ማሳውን ሲወርሰው ደግሞ ልምድ ብቻውን አልበቃውም። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው፤ ከመሬት በላይ አብቦ ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ ያው የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ኢትዮጵያዊ፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በሰሜን ወሎ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚህ አካባቢ የሚሆኑ ዝርያዎችን ያወጣል። የዝርያ ምርጫ ገበሬዎች ባሉበት ሲደረግ ስለ አገዳው የሚጠይቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን አይጠፋም። እኔ ያጣሁት ያንን ጥያቄ በጊዜው መስማት ነበር።

፬. ስለ መሬት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለባለ ይዞታዎች የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጣል። የሚስት ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ «ማሳዋ የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ሰጥቷል።

አዋጁ ሊፈታው ያልቻለው የሂሳብ ጥያቄ ግን አለ። በደጋውም ሆነ በወይና ደጋው የአብዛኛው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ፣ ያውም በየቦታው የተበታተነ ነው። አራት ልጆች ይህን ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ሁለት በሬ ተጠምዶ የማይዞርበት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ወጣቱ ገበሬ የሌላውን መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ያርሳል፤ ወይም ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። «ወጣቱ ግብርናን ጠላ» ከማለታችን በፊት የሚያርሰው መሬት አለው ወይ? ብለን መጠየቅ ይገባል። ክፍሌ ውስጥ እጃቸውን ለማንሣት የሚያመነቱት ልጆች የሚያፍሩት በአባታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ አባታቸው ሊያወርሳቸው በማይችለው ነገርም ይመስለኛል።

የመሬቱ መጠን ብቻ ሳይሆን አፈሩም አለ። ከደሴ በስተ ደቡብ ባለው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከተዳፋት ማሳ የሚታጠበውን አፈር ዓመት ከዓመት ሲለካ ቆይቷል። በወሎ ተራሮች የምታዩት እርከን ብዙው ከረሃቡ ወዲህ ገበሬው ለሥራ በሚሰጥ እህል የገነባው ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራው ቀጥሏል። ከተዳፋቱ የሚታጠበው አፈር የትም አይጠፋም፤ ከዚህ ተራራ የወረደው ወደዚህ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የተፋሰሱን ሥራ ሁሉ ተቀብሎ ያስቀምጣል። እኛው ያስገባንበትም አለ፤ የቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዓሣው ለወጣቶች እንጀራ፣ ለጾም ማዕድ ሆነ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ባደረጉት ልኬት ደግሞ የውሃው ጥራት ከቀድሞው እጅግ መቀነሱን አሳዩ። አዲስ ነገር ሁሉ ጥቅሙን በአንድ እጅ፣ ዋጋውን በሌላ እጅ ይዞ ይመጣል። የዘመናዊ ኅብረተሰብ አዋቂነት የሚለካው ሁለቱንም እጅ በማየቱ ነው።

ገበያውንም በአንድ ቃል ልንካው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ወጣት ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወጣ ዋጋው ይወድቅበታል፤ ማከማቻ ስለሌለው ደላላው በሰጠው ዋጋ ይሸጣል። አጠገቡ ያለው ጎረቤቱ ማሳውን ወደ ጫት ቢያዞር፣ ጫት ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆረጥና ብሩ በየጊዜው ስለሚመጣ እንጂ የእህልን ክብር ስላላወቀ አይደለም። የአምባሰል ማር ደግሞ ተቃራኒው ምሳሌ ነው። በስሙ ይታወቃል፤ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ መሬት ለሌለው ወጣትም ቀፎ የሚሰቅልበት ገደልና ዛፍ አለ። በአንድ አካባቢ ሦስት ምርቶች ሦስት ዓይነት ዕጣ የገጠማቸው በገበሬው ትጋት ልዩነት ሳይሆን በማከማቻ፣ በመንገድና በመደራደር አቅም ነው። ሴን ስለ ረሃብ ያለውን እዚህም እናገኘዋለን።

፭. ስለ ትምህርታችን

እንግዲህ ይህ ኮርስ ለምን ይሰጣል? የግብርና ተማሪ ለሆነው መልሱ ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኮርሱ ለሕግ፣ ለምጣኔ ሀብት፣ ለጤናና ለምሕንድስና ተማሪም ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። የይዞታ ክርክር የሚፈርደው የሕግ ምሩቁ ነው። መንገዱ በየት በኩል ይሂድ የሚለውን የሚቀይሰው መሐንዲሱ ነው። የሕፃኑን ክብደት የሚመዝነው የጤና ባለሙያው ነው። እህል ከወሎ ሲወጣ ሕዝቡ የሚገዛበት አቅም እንዳጣ ቀድሞ ማየት የነበረበት የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ነበር። በ1965 ዓ.ም. ዕውቀት አልጠፋም ነበር፤ ላይሲኑን እስከ መለካት ደርሶ ነበር። የጠፋው ዕውቀቱን ከሰውዬው ጋር የሚያገናኝ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያንን መንገድ መሥራት ካልቻለ ሕንፃ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ኢትዮጵያዊ አርአያ አለን። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል መርተዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነባር ዘሮች እየተበሉና እየጠፉ መሆናቸውን አይተው ዘር ከማከማቻ ወደ ገበሬው እንዲመለስ፣ በወሎና በሸዋም በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሐሳባቸው ቀላልና ጥልቅ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ከመጥፋት ይድናል፣ ነገር ግን አይማርም፤ በማሳ ላይ ያለ ዘር ግን ከዝናቡም ከድርቁም ጋር እየተማረ ይኖራል። በማቀዝቀዣ ውስጥ የማይቀመጥ ሌላም ነገር አለ፤ ስሙ፣ አዘራሩ፣ አበላሉ፣ ማን ለማን እንደሰጠው። ይህ በእናቶቻችን ራስ ውስጥ ብቻ አለ፤ እናቶቻችንም ያልፋሉ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ከዚህ ዓመት ጀምሮ አንድ ይሆናል። ለበዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን ቀርባችሁ ስለ አንድ ዘር ጠይቁ። ስሙ ማን ነው? ስሙ ለምን ወጣለት? መቼ ይዘራል? ለምን ለምን ይውላል? ከማን ተገኘ? አሁንስ አለ ወይ? ከጠፋ በየትኛው ዓመት፣ በምን ምክንያት ጠፋ? በሁለት ገጽ ጻፉና የነገራችሁን ሰው ስም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ከላይ አስፍሩ። የዕውቀቱ ባለቤት እሱ ነውና። ከተማ ያደገ ተማሪ ደግሞ ገበያ ወርዶ እህል ነጋዴዋን ይጠይቅ፤ እሷም ብዙ ታውቃለች።

ንግግሬን በጀመርኩበት ልፈጽም። በኮርሱ የመጨረሻ ቀን ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሜ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ብዙ እጆች ተነሡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን አላነሣችም። ክፍሉ ሲበተን ቀርባ «መምህር፣ አባቴ ማሳውን ሸንሽኖ ለወንድሞቼ ሰጥቶ አሁን የቀን ሠራተኛ ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ ልበል ወይስ አልበል?» አለችኝ። እኔም ዓመት ሙሉ ሳስተምር ያልጠየቅሁትን ጠይቃለችና ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬም ጥያቄዋን ለእናንተ፣ በተለይም ለባልደረቦቼ፣ ይዤ መጥቻለሁ። መሬት የሌለውን የገበሬ ልጅ ምን ብለን እንጠራዋለን? የግብርና ትምህርታችንስ ለእሱ ምን ይዟል? የሚቀጥለው ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ ውይይቱ ከዚህ ጥያቄ እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ።